በአሰብ ዳርቻ የተገለበጠው ድንጋይ

እስቲ አንተ አንባቢ፣ ያነሣኸውን ድንጋይ እንደ ነበረ መልሰህ ታውቃለህ?

በአሰብ ዳርቻ ባሕሩ ሲሸሽ በዐለቱ ጉድጓዶች ውስጥ ውሃ ይቀራል። ከጉድጓዶቹ በአንዱ፣ አንዲት የባሕር ቀንድ አውጣ እንቁላሎቿን ከድንጋይ ሆድ ላይ ለጥፋ ትጠብቅ ነበር። መምህር ተስፋጽዮን የዳርቻውን ፍጥረት ሊያስተምሩ ተማሪዎቻቸውን ይዘው መጡ። ሐመዱ የሚባለው ተማሪ ድንጋዩን ገለበጠ። ሁሉም አዩ፣ ሥዕል ሣሉ፣ ምሳቸውን ሊበሉ ዞር አሉ። ድንጋዩ እንደ ተገለበጠ ቀረ። ፀሐይ እንቁላሎቹን መታቻቸው።

ቀንድ አውጣዋ ወደ ሐመዱ ተሳበች።

"ልጄ፣ ድንጋዩን መልስልኝ፤ ልጆቼ ደረቁ።"

"እጄን ታጥቤአለሁ። ጋሼ ካላዘዙኝ አልነካም።"

"ኧረ ሐመዱ፣ አለቃህ ቀንድ አውጣ ሆነች!" ብለው ጓደኞቹ ሳቁበት።

ወደ መምህሩ ሄደች። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ውሃው ውስጥ ነክረዋል።

"ጋሼ፣ ሐመዱን ይዘዙልኝ። ሐመዱ ድንጋይ አልመልስም አለ፤ ልጆቼ ደረቁ።"

"ድንጋይ መመለስ ፈተና ላይ አይመጣም" አሉ መምህሩ፣ ዳቦ እያኘኩ።

ወደ ባሕር ጃርት ሄደች፤ እሾኩን አቁሞ ጉድጓዱ ውስጥ ተወትፏል።

"ጎረቤቴ፣ መምህሩን ውጋልኝ። መምህሩ ሐመዱን አላዝም አሉ፤ ሐመዱ ድንጋይ አልመልስም አለ፤ ልጆቼ ደረቁ።"

"ውሃ ሳይሞላ ከቤቱ የወጣ ጃርት የወፍ ምሳ ነው። አልወጣም።"

ወደ ባሕሩ ሄደች።

"አባ ባሕር፣ ጃርቱን አውጣልኝ። ጃርቱ መምህሩን አልወጋም አለ፤ መምህሩ ሐመዱን አላዝም አሉ፤ ሐመዱ ድንጋይ አልመልስም አለ፤ ልጆቼ ደረቁ።"

"ጨረቃ ሳትስበኝ ስንዝር አልራመድም።"

ጨረቃ በቀን ሰማይ ላይ ነጥታ ትታይ ነበር።

"እሜቴ ጨረቃ፣ ባሕሩን ሳቢልኝ። ባሕሩ ጃርቱን አላወጣም አለ፤ ጃርቱ መምህሩን አልወጋም አለ፤ መምህሩ ሐመዱን አላዝም አሉ፤ ሐመዱ ድንጋይ አልመልስም አለ፤ ልጆቼ ደረቁ።"

"ሰዓቴ አልደረሰም።"

"ልጆቼ ሲፈለፈሉ በአንቺ ማዕበል ነው የሚሄዱት። እነሱ ከሞቱ ባዶ ውሃ ስትጎትቺ ትኖሪያለሽ።"

ጨረቃን እንዲህ ብሎ የተናገራት አልነበረም።

ከዚያም ጨረቃ ባሕሩን ሳበች፤ ባሕሩ ጃርቱን አወጣ፤ ጃርቱ መምህሩን ወጋ፤ መምህሩ "ወይኔ እናቴ!" ብለው በጉልበታቸው ወደቁ፤ ፊታቸው ከተገለበጠው ድንጋይ ፊት ሆነ። እንቁላሎቹን አዩ። የሚበዙት ነጥተው ተሰነጣጥቀዋል። የሚስቅ ጠፋ።

"ሐመዱ፣ ድንጋዩን! ቀስ ብለህ፣ ሆዱን ወደ ታች!"

ሐመዱ ድንጋዩን መለሰ። ውሃው ሸፈነው።

"በይ እንግዲህ" አለች ጨረቃ፣ "የፈለግሽው ሆነልሽ። ይቅር በያቸው።"

ቀንድ አውጣዋ ከድንጋዩ ሥር ገብታ የተረፉትን ዳሰሰች።

"ሐመዱን ይቅር አልልም። መምህሩን አልልም። ጃርቱን አልልም። ባሕሩን አልልም። አንቺንም አልልም።"