ባዶው ፌርማታ

የከተማው የፕላን ኃላፊ ኢንጂነር ይትባረክ ባዶ ቦታ ማየት ያንገበግባቸዋል። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ረዳቶቻቸውን አስከትለው ገበያው አጠገብ ወዳለው የአውቶቡስ ፌርማታ ቢመጡ ዝር የሚል ሰው የለም። ከማዶ ያለው የመኪና ማቆሚያ ግን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል።

«ይኸው!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «እዚያ መኪናው መተንፈሻ አጥቷል፣ እዚህ ቦታ ይባክናል። ከነገ ጀምሮ ይህም የመኪና ማቆሚያ ይሆናል።»

ለባለሱቆቹ ምሳ የምታመላልስ አንዲት ሴት ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ያለ አውቶቡስ ያን ሁሉ ትሪ ተሸክማ ዳገቱን በእግሯ ልትወጣው ነው።

«ኧረ ጌታዬ፣ ሰዉ የሚሄደው በዚህ ነው!»

«የታለ ሰዉ?» ኃላፊው ፈገግ አሉ። «አንድ ሰው አሳዪኝና ትእዛዜን አሁኑኑ እሰርዛለሁ።»

ረዳቶቹ ሳቁ። ሴትየዋ ዞር ዞር ብላ አየች፤ እውነትም ማንም የለም። አውቶቡሱ ተሳፋሪዎቹን አሁን ገና ጠራርጎ ወስዷቸዋል። ይሄኔ ከሱቆቹ ከሰበሰበቻቸው ትሪዎች አንዱን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

«ይህን ትሪ ባዶ ስላዩት ማንም አልበላበትም ይላሉ?»

«እንዴት እላለሁ? በልተው ጨርሰውት ነው እንጂ።»

«ፌርማታውም እንደዚሁ ነው፤ አውቶቡሱ ሰዉን ወስዶ ነው ባዶ ያደረገው። ያ ማዶ ያለው ግን ከጠዋት ጀምሮ እንደሞላ ነው። እኔ ምግቤ እንዲያ እንደሞላ ቢመለስልኝ፣ የራሴን ሙያ እጠረጥራለሁ እንጂ ሁለተኛ ትሪ አልጨምርም።»