አሥራ አንድ ጊዜ የተቀባው ካራቫን

አንድ የመንገድ ሥራ ሰው ነበር፤ ስሙ ወንድይፍራው ይባላል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ግሬደር እየነዳ ጋራ ሲንድና ጎርበጥባጣ ሲደለድል ኖረ። ጡረታ ሲወጣ ይሠራበት የነበረው ድርጅት ካምፑን ነቅሎ ሊሄድ ነበርና አንድ አሮጌ ካራቫን ሰጠው። ካራቫን ማለት ጎማ ያለው፣ በመኪና የሚጎተት ቤት ነው፤ የመንገድ ሠራተኞች ከካምፕ ወደ ካምፕ እያስጎተቱ ያድሩበታል። ወንድይፍራው ይህን ቤት ወደ ቀዬው አስጎትቶ ከጭቃ ቤቱ ጎን አቆመው። አገሩ በምዕራብ ያለ የቡና አገር ነው። ዝናቡ ዛሬስ አባርቷል ሲባል እንኳ ከዛፍ ላይ ሲንጠባጠብ ይውላል፣ ጨው በዕቃው ውስጥ ውሃ ይሆናል፣ ጫማ ካልተጫሙት በሳምንቱ ሻጋታ ያበቅላል።

ወንድይፍራው ካራቫኑን ሲያቆም የተጠበበበትን ያህል ለራሱ ሠርግም አልተጠበበ። ውሃ ልክ አስቀምጦ፣ አንዱን ድንጋይ እያወጣ ሌላውን እያስገባ፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አስተካከለው። ሦስት ቀን ፈጀበት። ከዚያ ጎረቤት ጠርቶ፣ "እዚህ ወለል ላይ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ብታስቀምጡ ጠብ አይልም" እያለ ያሳይ ጀመር። እውነቱን ነው። ጣራው ላይ የተኛው የዝናብ ውሃም ወዴትም አይሄድም ነበር፤ ይህን ግን እሱም ጎረቤቱም አላሰቡትም።

በዚያ አገር ጳጉሜን ሲገባ ሰው ሁሉ ለዘመን መለወጫ ቤቱን ያድሳል። ወንድይፍራውም በየዓመቱ ካራቫኑን ከውስጥም ከውጭም በዘይት ቀለም ይቀባዋል። ከመስኮቱ ሥር ሻይ የተደፋበት የሚመስል ነገር ብቅ ሲል ይቀባዋል። ጥጉ ላይ ቀለሙ ውሃ እንደ ቋጠረ ቆዳ ሲያብጥ ይፍቀውና ደግሞ ይቀባዋል። መንገደኛ ቆሞ ሲያደንቅለት ደስታውን አይችለውም። እንዲያውም በሰፈሩ ያማረ ነገር ሲነሳ፣ "እንደ ወንድይፍራው ካራቫን" ማለት ተለምዶ ነበር።

አንድ ሰው ብቻ አላደነቀም። እሷም ሚስቱ ወይዘሮ አስካለ ናት።

"ወንዴ፣ ይሄ ቤት ይሸተኛል" አለችው አንድ ቀን ጠዋት፣ በሩን እንደ ከፈተች።

"ምን ምን ይልሻል?"

"እርጥብ ጆንያ እርጥብ ጆንያ።"

"በዚህ አገር እርጥብ ጆንያ የማይሸት ምን አለ? እኔስ መቼ ደርቄ አውቃለሁ?" ብሎ ሳቀ።

በሌላ ቀን ካራቫኑ ቁምሳጥን ውስጥ ያስቀመጠችው ነጠላ ሻግቶ አገኘችውና አሳየችው። እሱም በደንብ ሳታደርቂ አስገብተሽው ነው አላት። ለሦስተኛ ጊዜ ብትነግረው እንግዶች ፊት፣ "የእኛ አስካለ እኮ የምታየው በአፍንጫዋ ነው" ብሎ አሳቀባት። ከዚያ ወዲያ አላነሳችውም። ዝም ያለች ሚስት የተስማማች ትመስላለች፤ ወንድይፍራውም እንደዚያ መስሎት ሁለት ዓመት በሰላም ኖረ።

በአሥራ አንደኛው ዓመት ልጃቸው ምንታምር አረገዘች። ሩቅ ከተማ አስተማሪ ናት፤ ካገባች አምስት ዓመት ሆኗታል፤ ለዚህች እርግዝና ያልተሳለችበት ደብር የለም። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነውና ለመስቀል ማግስት እንድትመጣ ተወሰነ። ወንድይፍራው፣ "ልጄ የምትታረሰው በካራቫኑ ውስጥ ነው፤ ጭቃ ቤት አትገባም" አለ። ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ቀባው። አልጋውን በዳር በኩል ባለው ጥግ አስጠግቶ ዘረጋ። ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቁምሳጥን አለ፤ እሱን ደግሞ በማሰሮ ማር፣ በቅል ቅቤ፣ በገንፎ ዱቄትና በሁለት ብረት ድስት ሞላው። ለአራሷ ምንም እንዳይጎድልባት ብሎ ነው። ሰውዬው ልጁን ይወዳታል፤ ይህን ማንም አይክደውም።

ምንታምር በተባለው ቀን ረፋድ ላይ እግሯ አባብጦ፣ መንገድ አድክሟት ደረሰች። አባቷ ክንዷን ይዞ በቀጥታ ወደ ካራቫኑ አስገብቶ አልጋው ላይ አስቀመጣት። የቀረው መጋረጃ ብቻ ነበር። ለእሱም አባ ሚልኪ የሚባሉ ሽማግሌ አናጺ ተጠርተው መጥተዋል። አባ ሚልኪ ሥራቸው ብዙ፣ ንግግራቸው ጥቂት ነው።

"ልጄ፣ እዚያ ጋ ሚስማር ልመታ ነውና ለጊዜው ተነሺልኝ" አሏት።

ምንታምር ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች። አባ ሚልኪ ሚስማሩን ከቁምሳጥኑ ሥር ግድግዳው ላይ አቁመው መዶሻውን ሊያነሱ ሲሉ፣ ሚስማሩ በአውራ ጣታቸው ብቻ እስከ ራሱ ጠለቀ። ሌላ ሚስማር አውጥተው አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርገው ያዙት። እሱም ገባ። በመጨረሻ መዶሻውን ኪሳቸው ከተቱና ግድግዳውን በመዳፋቸው መጫን ጀመሩ። ቀለሙ ደረቅ ነው፣ ያበራል፤ ከሥሩ ያለው እንጨት ግን እንደ ሊጥ ይሰረጉዳል። ጎንበስ ብለው ከአልጋው ሥር ያለውን ወለል በጣታቸው አንኳኩ፤ ድምፁ የታፈነ ነበር። ከዚያ የቁምሳጥኑን በር ከፍተው አሸተቱ።

"ወንድይፍራው፣ ይህችን ልጅ እዚህ አታስተኛት" አሉ።

ወንድይፍራው ፊቱ ተለዋወጠ። "እንዴት ነው ነገሩ አባ ሚልኪ? ቀለሙ ገና ወር አልሞላውም እኮ።"

"ቀለሙማ ጤነኛ ነው። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። መንገድ ስትሠራ መሃሉን ከፍ የምታደርገው ለምንድን ነው?"

"ውሃ እንዳይተኛበት ነዋ። ጀርባ የሌለው መንገድ ሁለት ክረምት አይቆይም።"

"ታዲያ ይህን ቤት በውሃ ልክ ያስተካከልከው ለምን ነበር?"

ወንድይፍራው ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ሃያ ስድስት ዓመት ለስንት ወጣት ያስተማረውን ትምህርት በገዛ ቤቱ ደጃፍ ረስቶት ኖሯል። ግን ሰው ሲነካ መጀመሪያ የሚቀድመው ቁጣው ነውና፣ "እሺ፣ ልጅቱ ደክሟታል፤ ዛሬ ትረፍበት፤ ነገ ይታያል። አሁን ይህን ሁሉ ቀለም ላበላሽ ነው?" አለ።

አባ ሚልኪ አልጋው ላይ ቁጭ አሉ። "እንግዲያው እኔን አንሥተህ ነው የምታስተኛት" አሉት።

ይህን ጊዜ ከበሩ ውጭ ቆማ የነበረችው አስካለ ገባች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"ሦስት ጊዜ ነገርኩህ። ሳቅህብኝ፣ አሳቅህብኝ፣ ተውኩት። ዛሬ ግን ልጄ ናት፤ አልተውም።"

ወንድይፍራው ሚስቱን አየ፤ ልጁን አየ፤ ያበጠ እግሯን አየ። ቀለሙንም አየ፤ እንዴት እንደሚያምር ልቡ ያውቃል። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ክፈቱት" አለ።

አባ ሚልኪ ተነሥተው ከአልጋው ጎን ቆሙና፣ የግድግዳውን ልባስ የያዙትን ብሎኖች በካቻቪቴ ፈቱ። ስሱ የኮምፔርሳቶ ጣውላ ራሱን ችሎ አልቆመም፤ እንደ ረጠበ ዳቦ እየተቆረሰ ወረደ። ከኋላው ያለው እንጨት ጠቁሯል፤ በመሮ ሲነኩት ዱቄት ሆነ። ውሃው ጣራው ላይ ተኝቶ፣ ተኝቶ፣ በአንዲት በላላች ብሎን ቀዳዳ ገብቶ፣ በግድግዳው ውስጥ ወርዶ፣ ከአልጋው ሥር ወለሉን ሲበላ ዓመታት ኖሯል። ሊደርቅ ሲል ደግሞ ቀለሙ መውጫ እየከለከለው እዚያው ቀርቷል።

አባ ሚልኪ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሹ። ማንም ቁምሳጥኑን አልነካውም። እንጨቱ ጠጠጥ የሚል ድምፅ አሰማና ቁምሳጥኑ ከነማሩ፣ ከነቅቤው፣ ከነብረት ድስቱ አልጋው ላይ ወረደ። አንደኛው ድስት ትራሱ መሃል ላይ አረፈ። አልጋው በሁለት እግሩ ወለሉን ሰብሮ ሰመጠ።

ማሩ በአንሶላው ላይ ይፈስሳል። ምንታምር በሩ ላይ ቆማ ሆድዋን በሁለት እጅዋ ይዛለች።

"በእኛ ፊት ወደቀ እንጂ ሳንነካውም ይወርድ ነበር፤ ቢበዛ አንድ ዝናብ ቢቀረው ነው" አሉ አባ ሚልኪ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

ወንድይፍራው ወደ ልጁ ሄዶ ራሷን፣ ትከሻዋን፣ እጅዋን ዳሰሰ፤ ሙሉ መሆኗን የሚያረጋግጥ ይመስል ነበር። ከዚያ የካራቫኑ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ሲያለቅስም ተመስገን ተመስገን ይል ነበር። አስካለም አጠገቡ ተቀምጣ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው፤ ሁለት ዓመት የታመቀው ንዴቷ በዚያች ሰዓት የት እንደ ገባ እሷም አላወቀችም። ምንታምር ግን፣ "አባዬ፣ ማሩ ከሚባክን እንልሰው እንዴ?" አለችና ሦስቱም በእንባቸው መሃል ሳቁ። አባ ሚልኪ እንኳ ፈገግ አሉ ይባላል።

ምንታምር በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ ወለደች። የታረሰችው በጭቃ ቤቱ ውስጥ፣ ከእናቷ አጠገብ ነው፤ ለነገሩ ከጅምሩም የፈለገችው እሱን ነበር፤ የጠየቃት አልነበረም እንጂ።

ወንድይፍራውና አባ ሚልኪ ካራቫኑን ሲጠግኑ አንድ ወር ሙሉ ከረሙ። የበሰበሰውን እንጨት ጤነኛው እስኪገኝ ድረስ ቆርጠው አወጡ። ፀሐይ ባወጣ ቁጥር እያናፈሱ ቀሪውን አደረቁት፤ "ሳይደርቅ የከደንከው እንጨት እንደ ደበቅከው በሽታ ነው፤ በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት አይገኝለትም" ይሉ ነበር ሽማግሌው። የጣራውን መጋጠሚያና የመስኮቶቹን ዙሪያ በሲሊከን ማሸጊያ ደፈኑ። በአንድ በኩል ድንጋይ ጨምረው ካራቫኑን ትንሽ አዘመሙት፤ የተሞላ ብርጭቆ አሁን ይፈስሳል፤ ዝናቡም አብሮ ይወርዳል። አልጋውና ቁምሳጥኑ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቁ፣ አየር በኋላቸው እንዲያልፍ። እርጥብ ልብስ ካራቫኑ ውስጥ ማስጣት ቀረ። ወንድይፍራው ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ጥግ ጥጉን በአውራ ጣቱ እየተጫነ ይዞራል፤ ቁምሳጥኑንም አፍንጫውን አስገብቶ ያሸታል። ጎረቤት ሲስቅበት አይከፋውም።

ሥራው ያለቀ ለት ግን የራሱን አፍንጫ አላመነም። አስካለን ጠርቶ አስገባት። በሩን ዘግታ፣ ትንሽ ቆማ፣ ጥግ ጥጉን አሸተተች። እሱ ፈተና እንደ ተፈተነ ተማሪ ፊት ፊቷን ያያል።

"ምንም አይሸትም" አለችው።

እፎይ አለ። ሊወጣ በሩን ከፈተና መልሶ ቆመ። "አስካለ፣ ሌላስ ነግረሽኝ ነግረሽኝ የተውሽው ነገር አለ?"

ብዙ አየችው። ይቀልድ እንደሆነ ልታውቅ ነው። አይቀልድም ነበር።

"አለ" አለች። "ቁጭ በል።"

ቁጭ አለ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሁለቱም ከካራቫኑ አልወጡም። ምን እንዳለችው የሰማ የለም። ሲወጡ ግን የእሱ ዓይን ቀልቶ ነበር፤ እሷ ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ ስታንጎራጉር ተሰማች።

የታሪኩ ትምህርት ሩቅ አይደለም። ውሃ በየቤቱ ይገባል፤ ዝናብ ባለበት አገር የማይቀር ነው። ቤት የሚፈርሰው የገባውን ውሃ ቀለም ቀብተን መውጫ ስንነሳው ነው። በትዳርም፣ በወዳጅነትም፣ በመሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ያበጠውን እየፋቅን እናሳምረዋለን፤ በዓሉን እናደምቃለን፤ እንግዳም ያደንቅልናል። አባቶች "ሳይቃጠል በቅጠል" ያሉት ለእሳት ብቻ አልነበረም። ቀድሞ የሚሸተው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በየቤቱ አለ፤ ስቀንበት ዝም ያሰኘነው እሱ ነው።

እርስዎ ቤት ሦስት ጊዜ ተናግሮ፣ ሰሚ አጥቶ የተወ ሰው ማን ነው? እባክዎ፣ ዛሬ ሄደው ይጠይቁት፤ ሲመልስልዎም ቁጭ ብለው ይስሙት።