የንጉሡ እጅና የንጉሡ እግር

በአንድ የአውሮፓ አገር፣ እጃቸው በሽታ ይፈውሳል የሚባልላቸው ንጉሥ ነበሩ። በየበዓሉ ሕመምተኞችን አዳራሽ ሰብስበው ይዳስሳሉ፤ የተዳሰሰ ሁሉ «ዳንኩ!» ብሎ ያጨበጭባል። ያልዳነ ሰው ታይቶ አያውቅም፤ አልዳንኩም ያለ ሁሉ ወህኒ ይወርድ ነበራ!

አንድ ቀን አንገቷ ያበጠ ልብስ አጣቢ መጣች። አጋፋሪው በር ላይ፣ «ንጉሡ ሳይወጡ ማንም ቀድሞ አይወጣም፤ ድፍረት ነው» ብሎ አስጠነቀቃት። ንጉሡ በሪህ ያበጠ እግራቸውን ትራስ ላይ ዘርግተዋል፤ ንግሥቲቱ አጠገባቸው ያዛጋሉ።

ንጉሡ አንገቷን ዳሰሱና «እህ፣ ዳንሽ?» አሏት።

እንደ ሌሎቹ «ዳንኩ» ልትል አፏን ከፈተች፤ የሚጠዘጥዛት አንገቷ ግን እንቢ አላት።

«ምነው ዝም አልሽ? እጄን ተጠራጠርሽ?» ብለው ንጉሡ ወታደሮቹን ገልመጥ አደረጉ።

«ኧረ ጃንሆይ፣ ምን ቆርጦኝ! እጅዎማ ፈዋሽ ነው። የእኔ እብጠት ግን የድሃ እብጠት ስለሆነ፣ የጌታ እብጠት እዚህ ተዘርግቶ ሳለ ቀድሞ ከአንገቴ መውጣቱን ፈርቶ ነው። እባክዎ መጀመሪያ የራስዎን እግር ይዳስሱት፤ የእርስዎ ሲወጣ የእኔም ከኋላው ተከትሎ ይወጣል።»