የእታፈራሁ ጫማ አልሄድም ያለ ዕለት

የሚሄድ እየሄደ ይስማኝ፤ የተቀመጠም እግሩን ዘርግቶ ይስማኝ። አንድ ወግ አለኝ፤ እንደ ባለታሪኳ በእግሩ የሚሄድ ወግ ነው።

እታፈራሁ የምትባል ሴት ነበረች። የምትሠራው ከከተማው ወዲያኛው ዳር፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነው። የምትኖረው ደግሞ ከከተማው ወዲህኛው ዳር ነው። አንድ ሰዓት ላይ ከቤቷ ትወጣለች፤ የሁለት ሰዓት ደወል ሳይደወል ፋብሪካው ትገባለች። ታክሲ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ግን የታክሲው ሰልፍ ከመንገዱ ይረዝማል። ስለዚህ እታፈራሁ አንገቷን ደፍታ በእግሯ ትሄዳለች። ስትሄድ የምታየው የራሷን ጫማ ብቻ ነው።

የማወራችሁ ቀን ተራ ቀን አልነበረም። የሙከራ ጊዜዋ ስልሳ ቀን ነው፤ ያ ቀን ስልሳኛው ነበር። ሁለት ጊዜ አርፍዳለች። አለቃዋ «ለሦስተኛ ጊዜ ካረፈድሽ ቋሚ የሚባለውን ነገር እርሺው» ብለዋታል። ቋሚ ካልሆነች ልጇን አታመጣም። ልጇ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ገጠር አያቷ ዘንድ ናት። «መቼ ነው የምትወስጂኝ?» ብላ ስትጠይቃት «ቋሚ ስሆን» ብላታለች። ልጅቷ ቋሚ ማለት ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ግን ስልክ በተደወለ ቁጥር «ሆንሽ?» ትላለች።

እንግዲህ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ መንገዱ ከተጋመሰ በኋላ፣ የእታፈራሁ የግራ ጫማ ከፊቱ ተገነጠለና አፉን ከፈተ። አፉን ከከፈተ አይቀር ተናገረ።

«አልሄድም» አለ።

«ምነው?» አለችው።

«በቀን ሁለት ሰዓት፣ ስልሳ ቀን ሙሉ! ጫማ ነኝ እንጂ መኪና አይደለሁም። ካልተሰፋሁ አልሄድም።»

በፌስታል አሰረችው፤ አራት እርምጃ ሄዶ ፌስታሉን በጠሰው። ባዶ እግሯን እንዳትሄድ የፋብሪካው ዘበኛ ባዶ እግር አያስገቡም፤ ወለሉ ላይ መርፌ ይወድቃል። ምን ታድርግ? ጫማው አልሄድም አለ፤ እታፈራሁም መንገድ ላይ ቀረች።

ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ አንድ እግሯን እያነከሰች፣ ከአስፋልቱ ዳር ጃንጥላ ተክለው ወደሚሠሩት ጫማ ሰፊ ወደ ጋሽ ደምመላሽ ሮጠች።

«አባቴ ቶሎ ይስፉልኝ! ጫማዬ ይሰፋ፣ እኔም ሥራዬ ልግባ!»

ጋሽ ደምመላሽ ቀና አሉና መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ልጄ፣ ትናንት ጎማ ስበሳ ዋልኩ፤ ወስፌዬ ደንዝዟል። በደነዘዘ ወስፌ የሚበሳው ቆዳ ሳይሆን የኔ ጣት ነው። ወስፌው ካልተሳለ አልሰፋም» አሉ።

ጋሽ ደምመላሽ አልሰፋም አሉ፣ ጫማው አልሄድም አለ፣ እታፈራሁም መንገድ ላይ ቀረች።

ጫማዋን እንደያዘች ወስፌውን ተቀብላ ከሥጋ ቤቱ አጠገብ ቢላ ወደሚስለው ወደ ሽብሩ ሮጠች።

«ወንድሜ ቶሎ ሳልልኝ! ወስፌው ይሳል፣ ጫማዬ ይሰፋ፣ እኔም ሥራዬ ልግባ!»

ሽብሩ ድንጋዩን በመዳፉ ዳበሰ። «ደረቅ ነው፤ ድንጋዩ ካልራሰ አልስልም» አለ።

«ታዲያ እንትፍ በልበታ!»

«እኔ?» አለ ሽብሩ ደረቱን ነፍቶ። «የዚህን ሰፈር ሥጋ ቤት ሁሉ ቢላ የምስለው እኔ ምራቅ? ሰው ምን ይለኛል? ውሃ አምጪ።»

ይኸው ነው። ክብር ያለበት ቦታ ሁሉ ለቸኮለ ሰው መከራ ነው።

ሽብሩ አልስልም አለ፣ ጋሽ ደምመላሽ አልሰፋም አሉ፣ ጫማው አልሄድም አለ፣ እታፈራሁም መንገድ ላይ ቀረች።

ወስፌውን እዚያው ትታ፣ የሽብሩን ቆርቆሮ ጣሳ ይዛ የሰፈሩን ቦኖ ውሃ ወደምታስቀዳው ወደ ጌጤ ሮጠች።

«እትዬ ቶሎ ክፈቺልኝ! ቧንቧው ይከፈት፣ ድንጋዩ ይራስ፣ ወስፌው ይሳል፣ ጫማዬ ይሰፋ፣ እኔም ሥራዬ ልግባ!»

ጌጤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር። «ለኔስ መክፈት ገዶኝ ነው? ያንን አታዪውም?» አለች። አንድ ጀሪካን የተጫነ አህያ ከቧንቧው ሥር ተገትሯል፤ አፉን ደግሞ ልክ ውሃው ከሚወርድበት ቦታ ደግኗል። «ብከፍት የሰውን ውሃ አህያ ሊጠጣው ነው። ብገፋው አልሄደ፣ ብለምነው አልሰማ። አህያው ካልተነሳ አልከፍትም።»

ጌጤ አልከፍትም አለች፣ ሽብሩ አልስልም አለ፣ ጋሽ ደምመላሽ አልሰፋም አሉ፣ ጫማው አልሄድም አለ፣ እታፈራሁም መንገድ ላይ ቀረች።

እታፈራሁ አህያውን ከኋላ ገፋችው። ከፊት ሳበችው። በመጨረሻ እንደ ሰው ጆሮው ሥር ተናገረችው።

«እባክህ ተነሣ! አንተ ተነሣ፣ ቧንቧው ይከፈት፣ ድንጋዩ ይራስ፣ ወስፌው ይሳል፣ ጫማዬ ይሰፋ፣ እኔም ሥራዬ ልግባ!»

አህያው ጆሮውን አወዛወዘ። «ቁም ያሉኝ ጌታዬ ናቸው። ጌታዬ ሂድ ካላሉኝ አልነቃነቅም» አለ። አህያ ቢሆንም ቃሉን ጠባቂ ነው።

አህያው አልነቃነቅም አለ፣ ጌጤ አልከፍትም አለች፣ ሽብሩ አልስልም አለ፣ ጋሽ ደምመላሽ አልሰፋም አሉ፣ ጫማው አልሄድም አለ፣ እታፈራሁም መንገድ ላይ ቀረች። ሰዓቱ ለሁለት ሩብ ጉዳይ ሆነ።

የአህያው ጌታ አባባ ዘርጋው ናቸው። ከቦኖው ማዶ ባለ አንድ የድንጋይ ግድግዳ ሥር፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ጀርባቸውን ለመንገዱ ፊታቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀምጠዋል። እታፈራሁ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ደረሰች።

«አባባ፣ እባክዎ ሂድ ይበሉት! እርስዎ ሂድ ይበሉ፣ አህያው ይነሣ፣ ቧንቧው ይከፈት፣ ድንጋዩ ይራስ፣ ወስፌው ይሳል፣ ጫማዬ ይሰፋ፣ እኔም ሥራዬ ልግባ!»

አባባ ዘርጋው አልዞሩም። ጌጤ ከወዲያ ሆና «አትድከሚ፤ አኩርፈዋል! ዛሬ ለሰው አልናገርም ብለው ምለዋል!» ብላ ጮኸች።

እውነቷን ነው፤ ለሰው አልተናገሩም። የተናገሩት ለግድግዳው ነው።

«ግድግዳዬ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው፤ «መቼም ካንተ በቀር የሚያዳምጠኝ የለም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ውስጥ ድምፅ የለም። ማለዳ እዚህ የምቀመጠው የሰው ሰላምታ ፍለጋ ነው። ግን ሰው ሁሉ በታክሲ ያልፋል፤ ከታክሲ መስኮት ሰላምታ አይወርድም። በእግሯ የምታልፍ አንዲት ሴት ናት። እሷን ሁለት ወር ሙሉ ጠበቅኋት። ባርኔጣዬን አነሣሁላት፤ አላየችኝም። ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ አልሰማችኝም። አንድ ቀን እንዲያውም ብድግ ብዬ ቆሜላታለሁ። ግድግዳዬ፣ እኔ ካንተ በምን እለያለሁ? ስለዚህ እንደምን አደሩ ካላለችኝ ለሰው አልናገርም፣ ለከብትም ሂድ አልልም።»

«ማናት እሷ?» አለች እታፈራሁ። «ልሩጥና ልጥራልዎ!»

«ፊቷን አላውቀውም» አሉ አባባ ዘርጋው፣ አሁንም ለግድግዳው። «ሁልጊዜ አቀርቅራ ነው የምትሄደው። የማውቀው ጫማዋን ነው። ቡናማ ነው፤ ከጎኑ ነጭ ክር አለው።»

እታፈራሁ በእጇ የያዘችውን ጫማ አየችው። ቡናማ ነው። ከጎኑ ነጭ ክር አለው።

አባባ ዘርጋው ሂድ አልልም አሉ፣ አህያው አልነቃነቅም አለ፣ ጌጤ አልከፍትም አለች፣ ሽብሩ አልስልም አለ፣ ጋሽ ደምመላሽ አልሰፋም አሉ፣ ጫማው አልሄድም አለ፣ ይህን ሁሉ ያመጣችው ደግሞ ራሷ እታፈራሁ ናት።

አፈረች። እናቷ ቤት ሳለች ሽማግሌ ተቀምጦ ዝም ብላ ያለፈችበትን ቀን አታስታውስም። ፈጠን ብላ «እንደምን አደሩ አባባ» አለች።

አባባ ዘርጋው ወደ ግድግዳው ጠጋ አሉ። «ግድግዳዬ፣ ይህቺ የዛሬዋ ናት። የስልሳው ቀንስ?»

ለሁለት አሥራ ሦስት ጉዳይ ነው። ከዚያ ፋብሪካው፣ እየሮጡም ቢሆን፣ ስምንት ደቂቃ ያስኬዳል። እኔ ብሆን ኖሮ እንባዬ ይመጣ ነበር። እሷ ግን ጫማውን መሬት አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ከግድግዳውና ከሽማግሌው መሃል ገብታ ፊት ለፊታቸው ቆመች፤ ሁለት እጇን ዘርግታም ጎንበስ አለች።

«እንደምን አደሩ አባባ?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ፊቷን ያን ጊዜ ነው ያዩት። «እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን አደርሽ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ጤናዎስ? ብርዱን እንዴት ቻሉት?»

«ቻልነው፣ ቻልነው። ጉልበቴ ትንሽ ያስቸግረኛል። እናትሽ ደህና ናቸው? አገር ቤት ደህና?»

«ደህና ናቸው፣ ይመስገን።»

«ልጅስ ወልደሻል?»

«አንዲት አለችኝ አባባ።»

«ስሟ ማን ነው?»

«ፋንታነሽ።»

«ፋንታነሽስ ደህና ናት?»

በዚያ ከተማ ስልሳ ቀን ስትመላለስ፣ ልጇን በስሟ ጠርቶ ደህና ናት ወይ ያላት ሰው አልነበረም።

«ናፍቃኛለች አባባ» አለች። «ዛሬ ካረፈድኩ አላመጣትም።»

አባባ ዘርጋው እንደ ጎረምሳ ከመቀመጫቸው ተስፈነጠሩ። «ታዲያ ይህን እያወቅሽ ጤናዎ፣ ብርዱ እያልሽ ትጠይቂኛለሽ? ምን ዓይነት ልጅ ናት!» ወደ ቦኖው ዞሩና በሙሉ ድምፃቸው ጮኹ፦ «ሂድ!»

አባባ ዘርጋው ሂድ አሉ፣ አህያው ተነሣ፣ ጌጤ ከፈተች፣ ጣሳው ሞላ፣ ድንጋዩ ራሰ፣ ሽብሩ ሳለ፣ ወስፌው ተሳለ፣ ጋሽ ደምመላሽ ሰፉ፣ ጫማው አፉን ዘጋ። ሁሉም ነገሩን ሰምተው ስለነበር እጃቸው ይሮጥ ነበር፤ ጋሽ ደምመላሽ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው «ሩጪ!» አሉ። ጫማውም ሄደ። ሄደ ብቻ አይደለም፤ ያን ቀን በረረ።

ደወሉ ሲደወል የእታፈራሁ አንድ እግር ከበሩ ውጭ፣ አንድ እግሯ ከበሩ ውስጥ ነበር። አለቃዋ ሰዓታቸውን፣ ዘበኛው እግሯን አዩ።

«ይህቺ ውጭ ናት ውስጥ?» አሉ አለቃው።

ዘበኛው ጎንበስ ብለው መረመሩ። «አዲስ የተሰፋው ውስጥ ነው» አሉ። «ለመግባት ብላ ያሰፋችው እሱን ነው፤ እሱ ይቆጠርላት።» አለቃውም ሳቅ አመለጣቸውና የቋሚነቱን ደብዳቤ ከሰዓት በኋላ ፈረሙላት። ማታ ስልክ ተደወለ። «ሆንሽ?» አለች ፋንታነሽ። «ሆንኩ» አለች እታፈራሁ።

አሁን እናትና ልጅ በዚያው መንገድ አብረው ይሄዳሉ፤ የፋንታነሽ ትምህርት ቤት ከፋብሪካው ወዲህ ነው። መንገዱ አልረዘመም፣ እግራቸውም አልደከመም፤ ግን ከቤት የሚወጡት እንደ ድሮው አንድ ሰዓት ላይ አይደለም። ሩብ ሰዓት ይቀድማሉ። ጋሽ ደምመላሽ አሉ፣ ሽብሩ አለ፣ እትዬ ጌጤ አለች፣ አህያውም ሳይቀር አለ፤ አባባ ዘርጋው ደግሞ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ «ፋንታነሽ ደህና አደርሽ?» ሳይሉ አያሳልፉም።

ወጌ እዚህ አረፈ፤ እናንተ ተነሥታችሁ መንገዳችሁን ቀጥሉ። በደጄ ስታልፉ ግን ዝም ብላችሁ እንዳታልፉኝ፤ እኔም አህያ አለኝ።