በ«ዜሽን» የሚያልቁ ቃላት

በወጣትነቴ ሻሸመኔ፣ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተሸክሜያለሁ። ስለዚያ ዘመን ብዙ አላወራም፤ ይህችን ግን ልንገራችሁ።

የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ይገረሙ በ«ዜሽን» የሚያልቅ ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ይወዱ ነበር። ቃሉን ከነትርጉሙ ይነግሩናል። «ሞደርናይዜሽን ማለት ዘመናዊነት ነው» ብለው የጠዋት ሻያችንን አስቀሩ። «ኦፕቲማይዜሽን ማለት ያለ ብክነት መሥራት ነው» አሉና የምናርፍበትን ዳስ አፈረሱ። ቀጥሎ «ስታንዳርዳይዜሽን ማለት ወጥ አሠራር ነው» ብለው ጆንያ ስናነሳ የምንቀባበለውን ዜማ ከለከሉ።

ከመካከላችን አንድ ምላሰኛ ሸካሚ ነበር። ያለ ዜማ ጆንያ አንስቶ አያውቅምና በማግስቱ ከአፉ አመለጠው። አቶ ይገረሙ ሁላችንንም ሰበሰቡና ሰውየውን መሀል አቆሙት።

«አንተ አፈኛ! ኢንስቲትዩሽናላይዜሽን ማለት ምን ማለት ነው? ካወቅህ ሥራህ ላይ ትቆያለህ፤ ካላወቅህ አሁኑኑ ውጣልኝ!»

ሰውየው ላቡን ጠረገ።

«ጋሼ፣ በመጀመሪያው ቃል ሻያችን ሄደ፤ በሁለተኛው ዳሳችን፤ በሦስተኛው ዜማችን። አሁን የቀረን ይህ ጆንያ ብቻ ነው። እንግዲህ የዚህኛው ትርጉም ጆንያውን እርስዎ ይሸከሙልናል ማለት ነዋ!»

ጎንበስ ብሎ የጆንያውን ጫፍ ያዘ።

«በሉ እንግዲህ፣ ጀርባዎን ያዙሩልኝ።»

አቶ ይገረሙ ጀርባቸውን አላዞሩም፤ ሰውየውም አልወጣም።