አትጠገብና አላልቅ ያለው ሞገድ

ተረት ተረት፤ የሐይቅ ዳር ናፍቆት።

በሐይቅ መካከል ባለች አንዲት ደሴት ላይ አትጠገብ የምትባል ልጅ ከእናቷ ከትሁን ጋር ትኖር ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ትሁን ጤፏን በታንኳ ጭና ማዶ ወዳለው ወፍጮ ልትሄድ ስትል ልጅቱ ቀሚሷን ያዘች።

«እማ፣ መቼ ትመጫለሽ?»

«ሞገዱን ቁጠሪ ልጄ። ቆጥረሽ ስትጨርሺ እመጣለሁ።»

አትጠገብ ዳር ተቀምጣ ትቆጥር ጀመር። ነፋስ ተነሣ፣ ሞገዱም በዛ። የምታውቀው ቁጥር አለቀ፤ ሞገዱ ግን አላለቀም። እናቷ ማዶ፣ ታንኳዋ አጠገብ ቆማ፣ እንደ ነጥብ አንሳ ትታያለች። በዚያ ነፋስ መሻገር አይሞከርም።

ጎረቤታቸው አያ ቢያድግልኝ እዚያው መረቡን ይጠግናል። «ቁጥር ዳር የለውም አትጠገብ» አላት። «አለቀ ባልሽው ላይ አንድ ብትጨምሪበት ይቀጥላል።»

«እንግዲያ እማ አትመጣም?»

ሽማግሌው ዓይኑን ወደ መረቡ መለሰ። ይህም ከነፋሱ ይበልጥ አስፈራት።

ወደ ሞገድ ሄደች። «ሞገድ ሆይ፣ አልቅልኝ። ቁጥሬ አላልቅ አለ፣ እናቴ ማዶ ቀረች።»

«አላልቅም። ነፋስ ይገፋኛል» አላት።

«ነፋስ ሆይ፣ ተኛልኝ። ሞገድ አላልቅ አለ፣ ቁጥሬ አላልቅ አለ፣ እናቴ ማዶ ቀረች።»

«አልተኛም። ፀሐይ ታቃጥለኛለች» አላት።

«ፀሐይ ሆይ፣ ተሸፈኚልኝ። ነፋስ አልተኛ አለ፣ ሞገድ አላልቅ አለ፣ ቁጥሬ አላልቅ አለ፣ እናቴ ማዶ ቀረች።»

«ደመና ሳይመጣ በምን ልሸፈን?» አለቻት።

«ደመና ሆይ፣ ናልኝ። ፀሐይ አልሸፈን አለች፣ ነፋስ አልተኛ አለ፣ ሞገድ አላልቅ አለ፣ ቁጥሬ አላልቅ አለ፣ እናቴ ማዶ ቀረች።»

«ተራራ አቅፎ ይዞኛል» አላት።

አትጠገብ እየቧጠጠች የደሴቷን ተራራ ወጣች። «ተራራ ሆይ፣ ደመናን ልቀቅልኝ። ደመና አልመጣ አለ፣ ፀሐይ አልሸፈን አለች፣ ነፋስ አልተኛ አለ፣ ሞገድ አላልቅ አለ፣ ቁጥሬ አላልቅ አለ፣ እናቴ ማዶ ቀረች።»

«ብለቀው እቅፌ ውስጥ ምን ይቀራል? ባዶ» አለ ተራራ። «እኔ ባዶን እፈራለሁ።»

አትጠገብ አለት ላይ ተቀመጠች። የራሷን ክንዶች አየች።

«የኔም እቅፍ ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ነው» አለችው። «እኔም እፈራዋለሁ። ግን ሌላ ነገር አላስገባበትም፤ የእማ ቦታ ነው። ብሞላው እሷ የት ትገባለች?»

ተራራ አሰበ፣ አሰበና እቅፉን ፈታ። ተራራ ለቀቀ፣ ደመና መጣ፣ ፀሐይ ተሸፈነች፣ ነፋስ ተኛ፣ ሞገድ አለቀ። አትጠገብ ሮጣ ወርዳ ልትቆጥር አፏን ከፈተች፤ የሚቆጠር አንድም ሞገድ አልነበረም።

«አያ ቢያድግልኝ፣ ቁጥሩ ስንት ላይ አለቀ?»

«ባዶ ላይ» አለ ሽማግሌው፣ ውኃውን እያየ። «እኔም እስከዛሬ ወደ ላይ ብቻ እየቆጠርኩ ዳር የለውም እል ነበር።»

በረጋው ውኃ ላይ ታንኳዋ መጣች። ትሁን ዱቄት እንደነካት ወረደች። አትጠገብ ምንም ሳትናገር እናቷን አቀፈቻት፤ አልለቅም አለች።

እኔም ተረቴን እዚህ ላሳርፍ። ማዶ ሰው ለቀረባችሁ ሁሉ ውኃው ይርጋላችሁ።