ከስንዴው ሥር ያለው ገለባ

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ ጋሽ ኤርጫፎ፣ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሰምተው። ጠያቂው ወንጌላዊ መርክነህ ነው። የደጋ ምእመናን ስንቅ እየላኩለትና እየጸለዩለት ቆላ ወርዶ ያገለግላል። ዓመቱ ሲያልቅ ለላኪዎቹ የምስጋና ደብዳቤ ሊጽፍ ተቀመጠና እጁ አልታዘዝ አለው፤ ፍሬው ጥቂት ነበር። «ደስ እንዲላቸው ትንሽ ባደምቀው ነውር አለው ወይ፣ ጋሼ?» ብሎ በወንጌል ሥራ የሸበቱትን ሽማግሌ ጠየቀ። እሳቸው ደግሞ በቀጥታ መመለስ አይሆንላቸውም።

አንድ ገበሬ ነበረ፤ በእርሻ ወራት በሬው ሞተበት። ሰው ፊት ቆሞ መለመን ሞቱ ነው። ከወንዝ ማዶ ያሉ ሰዎች ግን ወሬውን ሰምተው፣ ሳይጠራቸው በሬዎቻቸውን እየነዱ መጡና በደቦ አረሱለት። ለአረምም ተመለሱ። ስንዴው ሲያምር አይተው ደስ ብሏቸው ወደ አገራቸው ገቡ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ስንዴውን ዋግ መታው። ገበሬው ከሚስቱ ጋር አጭዶ ሲወቃው የተገኘው ኮስማና ፍሬ ነው፤ ለዘር የሚሆን እንኳ የለውም። በዚያ አገር ልማድ ደግሞ ደቦ የወጣ ሁሉ አውድማው ላይ ተጠርቶ ምርቱን ይመርቃል። ሰውየው ጭንቅ ያዘው። «ያን ሁሉ ደክመው ይህን ላሳያቸው?» አለ። ገለባውን ከምሮ ስንዴውን ከላይ አለበሰውና ጠራቸው።

እንግዶቹ መጡ፤ ክምሩን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ልፋታችን መሬት አልወደቀም» ተባባሉ፤ እጃቸውን ዘርግተው መረቁት። እሱም ፈገግ እንዳለ ቀረ።

መርቀው ሲያበቁ ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ተነሡ። «ዋጉ ዘንድሮ ብዙ ሰው ጎድቷል ሲሉ ሰምተን ለዘር የሚሆን ስንዴ አዋጥተን መጥተን ነበር። ላንተስ ሞልቶልሃል፤ ተመስገን። ይህን ከዳገቱ በላይ ላለችው መበለት እናድርስላት» አሉና የዘሩን ጆንያ መልሰው አህያ ላይ ማስጫን ጀመሩ።

ገበሬው የልጆቹ የከርሞ ጉርሻ ዓይኑ እያየ ሲሄድ ቆሞ ተመለከተ። አህያዋ መንገድ ስትጀምር ግን የሚያዘራበትን ላይዳ አነሣና ክምሩን ከሥሩ ዛቀው። ገለባው ተናደ።

ሽማግሌው ወደ ክምሩ ቀርበው እፍኝ ገለባ አነሡ። አዝነው ነበር፤ ትንሽም ተቆጥተዋል። «ደስ እንድታሰኘን መቼ ጠየቅንህ?» አሉት። «እኛ የመጣነው ላንተ ብለን ነው። ተጎድተህ ከእኛ ትደበቃለህ?»

ከዚያ አህያዋን አስመለሱ። ዘሩን እኩሌታውን ለእሱ፣ እኩሌታውን ለመበለቲቱ አደረጉት። ሰውየው በዚያ ቀን በሰው ፊት አለቀሰ፤ እፎይም አለ።

ጋሽ ኤርጫፎ ወደ መርክነህ ዞሩ። «እንግዲህ ገበሬው አንተ ነህ፤ አውድማውም ደብዳቤህ ነው። ላኪዎችህ የደከሙልህ ትልቅ ክምር ለማየት ብለው አይደለም። ስላገኘኸው ሳይሆን ስለ ደረሱልህ አመስግናቸው። ዋግ የመታውንም አሳያቸው። ለመሆኑ ምኑን ልትደብቅ ነበር?»

መርክነህ አንገቱን ደፋ። «አንድ ሰው አለ» አለ። «አይኬ ይባላል። ተጠምቆ ስድስት ወር አብሮኝ ሲጸልይ ከረመና ትቶን ሄደ። አፍሬ ልዘለው ነበር።»

«ከእሱ ጀምር» አሉት ጋሽ ኤርጫፎ። «ስሙን ካልነገርካቸው ማን ብለው ይጸልዩለት?»